ባልዲ የማያወጣው ውሃ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣
ድሬዳዋ

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? እኔ ከናፍቆትህ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ከዚራ ላይ ጥላ ፍለጋ የሚያስሮጠውን ፀሐይ እዚህ አሜሪካ ሐይቅ ላይ ሳስበው ይገርመኛል፤ እኛ ዘንድ ገና ጃኬት በጃኬት ነው የሚደረበው።

ባለፈው በስልክ «ውሃ ለመቅዳት ያን የሚያህል መርከብ ምን ያደርጋል? ባልዲ በገመድ አይበቃም ወይ?» ብለህ ስትጠይቀኝ መስመሩ ተቋረጠ። ዕድሜህን አትሊየ ውስጥ ከቫልቭና ከቡሎን ጋር ያሳለፍክ ሰው ነህና በግማሽ መልስ አላልፍህም።

ባልዲ የሚያወጣው የሐይቁን ቆዳ ነው። ሱፔሪየር የሚባለው ሐይቅ እስከ 406 ሜትር ይጠልቃል፣ ስፋቱ 82,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐይቅ ደግሞ ሕመሙ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከታች ነው፤ ላዩ ሰማያዊ ሆኖ እያማረ ታችኛው ውሃ ኦክስጅን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ እኛ ለምርመራ የምንፈልገው ከስንት ሜትር እንደመጣ በእርግጠኝነት የሚታወቅ ውሃ ነው። መርከቡ፣ ኬብሉ፣ ኬብሉን የሚጠቀልለው ዊንች ሁሉ የተሰለፈው ለዚህ ነው።

መርከቧ ሌክ ጋርዲያን ትባላለች። 55 ሜትር ያህል ርዝመት አላት፣ የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ንብረት ናት። ሱፔሪየርን፣ ሚቺጋንን፣ ሂውረንን፣ ኢሪንና ኦንታሪዮን፣ አምስቱን ታላላቅ ሐይቆች፣ በዓመት ሁለት ጊዜ ትዞራለች፤ አንዴ በፈረንጆቹ ኤፕሪል፣ አንዴ በኦገስት። ወሮቹ ዝም ብለው አልተመረጡም። በኤፕሪል ውሃው ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቅዝቃዜ ስላለው ንፋሱ ሙሉ በሙሉ ያማስለዋል፤ ያኔ የሚለካው ፎስፈረስ (አልጌ የሚባሉት የውሃ ውስጥ ጥቃቅን አረንጓዴዎች ምግብ ነው) ሐይቁ ለዓመቱ የያዘውን ስንቅ ይነግረናል። በኦገስት ሞቃቱ ውሃ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይታሰራል፣ በመካከላቸው ሙቀቱ በጥቂት ሜትር ውስጥ ቁልቁል የሚወርድበት ንብርብር ይፈጠራል። ያ ንብርብር እንደ ክዳን ነው፤ ከሥሩ ያለው ውሃ እስከ መጸው ድረስ አየር አያገኝም። የምንቆምባቸው ነጥቦች በየዓመቱ ያው ናቸው። ቦታውን ብንቀያይር ለውጡ የሐይቁ ይሁን የቦታው መለየት አይቻልም።

አሁን ወደምትወደው ነገር ልምጣ፣ ወደ መሣሪያው። ሮዜት ይባላል። ክብ የብረት ማቀፊያ ነው፤ ዙሪያውን 12 ጠርሙሶች ቆመውበታል። ጠርሙስ እንላቸዋለን እንጂ እያንዳንዳቸው ብዙ ሊትር የሚይዙ ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦዎች ናቸው። ሁለቱም ጫፋቸው ክፍት ሆኖ ይወርዳሉ። ክዳኖቹን ወደ ውስጥ የሚስብ ጠንካራ ላስቲክ ወይም ሞላ አለ፤ ክዳኖቹ ግን በቀጭን ገመድ ተወጥረው ከላይ መንጠቆ ላይ ታስረዋል። ከመርከቡ ትእዛዝ በኬብሉ ሲወርድ መንጠቆው ይለቃል፣ ክዳኖቹም ግጥም ይላሉ። ክፍት ሆነው የሚወርዱት ውሃ እንዲያልፍባቸው ነው፤ ደግሞም አየር ይዘው ተዘግተው ቢወርዱ ግፊቱ ይጨፈልቃቸዋል። በየ10 ሜትሩ አንድ ባር ያህል ይጨምራል፤ 200 ሜትር ላይ 20 ባር ማለት ነው፣ ከአንድ ጋራዥ ኮምፕሬሰር እጥፍ የሚበልጥ።

ከማቀፊያው ግርጌ መለኪያዎቹ አሉ፤ የሙቀት፣ የግፊት፣ ውሃው ኤሌክትሪክ የማሳለፍ አቅሙ፣ የኦክስጅን፣ የድፍርስነትና የአልጌ። ሮዜቱ ወደ ውሃ እንደገባ ወዲያው አይለቀቅም። ጥቂት ሜትር ወርዶ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይቆያል። በመለኪያዎቹ ውስጥ ውሃ የምታሳልፍ ትንሽ ፓምፕ አለች፤ መጀመሪያ አየሩን ማስወጣት አለባት። የአየር አረፋ ተይዞ ከቀረ ቁጥሩ ሁሉ እስከ ታች ድረስ ይበላሻል፣ ችግሩም ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ሥራው ካለቀ በኋላ ነው። ከዚያ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ያህል ይወርዳል። ማዕበል ሲበረታ መርከቧ በተንከባለለች ቁጥር ኬብሉ ይላላና መልሶ በኃይል ይወጠራል፤ እንዲህ ሲሆን ኬብሉ ይታጠፋል፣ የታጠፈ ኬብል ደግሞ አይታመንም። የዊንቹ ኦፕሬተር ዓይኑን ኬብሉ ከሚያልፍበት ካሩኮላ ላይ አይነቅልም።

ከወለሉ አንድ ሁለት ሜትር ሲቀር እናቆማለን። ሮዜቱ ጭቃውን ከነካ ደለሉ ይቦናል፣ ደለሉ ፎስፈረስ ይዟል፣ የዚያ ጠርሙስ ውጤትም የጭቃ ውጤት ይሆናል። ወደ ታች ሲወርድ መለኪያዎቹ ያነብባሉ፣ ወደ ላይ ሲወጣ ጠርሙሶቹ ይዘጋሉ። በየጥልቀቱ ቆመን አንድ ደቂቃ ያህል እንጠብቃለን፤ ሮዜቱ ከታች ውሃ እየጎተተ ስለሚመጣ ያ ውሃ በጠርሙሱ ውስጥ አልፎ መሄድ አለበት። ቸኩሎ የዘጋ ሰው 20 ሜትር ብሎ ጽፎ የ25 ሜትሩን ውሃ ይዞ ይወጣል።

ጠርሙሱ መርከብ ላይ ሲወጣ የሚደረገው ፍተሻ አንተን ደስ ይልሃል ብዬ ገመትኩ። ከላይ የአየር ማስገቢያ ቫልቭ አለው፣ ከታች ሩቢኔት። ቫልቩን ሳንከፍት ሩቢኔቱን ብቻ እንከፍታለን። ጥቂት ጠብ ብሎ ካቆመ ጠርሙሱ አጥብቋል። መፍሰሱን ከቀጠለ አየር በሆነ ቦታ እየገባ ነው፤ ወይ ኦሪንጉ (የክዳኑ ማሸጊያ ጎማ) ተሰንጥቋል፣ ወይ የመወጠሪያው ገመድ በክዳኑና በአፉ መካከል ተቀርቅሯል፣ ወይ ቫልቩ ከመውረዱ በፊት ሳይጠብቅ ቀርቷል። የዚያ ጠርሙስ ውሃ ይደፋል። ያሳዝናል፣ ግን የሚያጠራጥር ቁጥር ጭራሽ ቁጥር ከማጣት ይብሳል።

ሲቀዳ ተራ አለው። ኦክስጅን ይቀድማል፣ አየር ከነካው ይለወጣልና። የጎማ ቱቦ እስከ ብርጭቆው ጠርሙስ ወለል ይገባል፣ ውሃው ሁለት ሦስት እጥፍ ሞልቶ እስኪፈስ ይለቀቃል፣ አንዲት አረፋ እንኳ መቅረት የለባትም። ከዚያ የማንጋኒዝ ጨውና አዮዳይድ ያለበት አልካሊ ይጨመራል፤ ኦክስጅን ካለ ቡናማ ዝቃጭ ይወርዳል፣ ከሌለ ነጭ ሆኖ ይቀራል። በአሲድ ከሟሟ በኋላ በጠብታ እየተለካ ቀለሙ እስኪጠፋ ይቆጠራል። ዊንክለር የሚባል ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1888 ያወጣው ዘዴ ነው፤ ኤሌክትሮኒኩን መለኪያ ዛሬም የምናርመው በሱ ነው።

ፎስፈረስ ግን ከሁሉም ያስቸግራል፤ በጣም ጥቂት ነዋ! በሱፔሪየርና በሚቺጋን መካከል ላይ በሊትር ከ5 ማይክሮግራም በታች ነው። አንድ ማይክሮግራም በሊትር ማለት 10,000 ሊትር የሚይዝ ቦቴ መቶ ጊዜ ሞልተህ፣ በዚያ ሁሉ ውሃ ውስጥ አንድ ግራም መበተን ነው። የእጅ ላብ፣ የሳሙና ቅሪት፣ የሲጋራ አመድ ውጤቱን ያበላሸዋል። ስለዚህ ዕቃዎቹ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ ታጥበው በተጣራ ውሃ ይለቀለቃሉ፣ ጓንት ይደረጋል። ንጹሕ የተጣራ ውሃም እንደ ናሙና ተቆጥሮ በዚያው መንገድ ያልፋል፤ እሱ ላይ ፎስፈረስ ከተገኘ ያመጣነው እኛው ነን።

«የጠራ ውሃ ጤነኛ ነው» ትል ነበር፤ ሚቺጋን ይህን አሳብ አፍርሶብኛል። ከጥቁር ባሕር አካባቢ የመጡ ጣት የማያህሉ ባለ ዛጎል ፍጥረታት፣ ኳጋ የሚባሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ መርከቦች ሚዛን ለመጠበቅ በሚሞሉት ውሃ ተጭነው ወደ እነዚህ ሐይቆች ገቡ። እያንዳንዷ በቀን አንድ ሊትር ያህል ውሃ ታጣራለች። ወለሉን ሲያለብሱት ውሃው እንደ መስታወት ጠራ፤ የጠራው ግን የዓሣ ልጅ የሚመገበው አልጌ ስለተለቀመ ነው። ኢሪ ደግሞ በተቃራኒው ጠግቦ ይታመማል። ከእርሻ የሚታጠበው ፎስፈረስ አልጌን ያበዛል፣ አልጌው ሞቶ ወለል ላይ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሳል። በመካከለኛው የኢሪ ክፍል ታችኛው ቀዝቃዛ ንብርብር የጥቂት ሜትር ውፍረት ብቻ ስላለው በሞቃቱ ወራት መጨረሻ ኦክስጅኑ በሊትር ከ2 ሚሊግራም በታች ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ዓሣው ይሸሻል። ኦክስጅን ሲጠፋ ብረት ይዞት የነበረው ፎስፈረስ ከጭቃው ይለቀቃል፣ ለሌላ አልጌ ምግብ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2014 በኢሪ ዳር ያለችው ቶሊዶ ከተማ በአልጌ መርዝ ምክንያት ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው የቧንቧ ውሃ እንዳይጠጣ ተነግሮታል። ማፍላት እንኳ አይጠቅምም ነበር፤ ሲፈላ ውሃው ይተንናል፣ መርዙ ይቀራል።

ሐረማያን ሳላነሳ አልቀርም። ደንገጎን አልፈን ወደ ሐረር ስንሄድ በመስኮት የምናየው ያ ሰፊ ውሃ በ1997 ዓ.ም. ገደማ ሜዳ ሆነ። ለመስኖ በፓምፕ ተሳበ፣ ለከተሞች ተቀዳ፣ ከተራቆተው ተዳፋት ደለል ወረደበት። ሐረር ውሃዋን ከድሬዳዋ በኩል ከጉድጓድ ሽቅብ መግፋት ግድ ሆነባት። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ውሃ ተመልሶበታል፤ እንግዲህ መለካት ያለበት አሁን ነው። ለሱ መርከብ አያስፈልግም።

የጎረቤታችን ልጅ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሐይቁን መለካት ይፈልጋል ብለኸኛል። ንገረው፦ ጥልቀት የሌለውን ሐይቅ ንፋስ ከቀትር በኋላ ያማስለዋል፣ ስለዚህ ኦክስጅኑን ጎህ ሳይቀድ ይለካ። አልጌ ሌሊቱን ሙሉ ይተነፍሳልና ዝቅተኛው ቁጥር ያኔ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ የለካ ሰው ሐይቁ ጤነኛ ነው ብሎ ይመለሳል። ዳር ላይ በሜትር የተከፋፈለ ምሰሶ ተክሎ የውሃውን ከፍታ በየሳምንቱ በአንድ ቀን ይመዝግብ።

ውሃው ምን ያህል እንደጠራ የሚለካበት አንድ ዕቃ ብትሠራለት ደስ ይለኛል። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ላሜራ ቁረጥ፣ መሀሉን ብሳ። ለአራት ከፍለህ ሁለቱን ነጭ፣ ሁለቱን ጥቁር በተራ ቀባው፤ ቀለሙ እንዳያብረቀርቅ ተጠንቀቅ፣ የሚያብለጨልጭ ቀለም ዓይን ያታልላል። ከሥሩ እንዳይጋደል ክብደት እሰርበት። ገመዱ ናይለን አይሁን፣ ይለጠጣል፤ ሌላ ገመድም ቢሆን አንድ ቀን ውሃ ውስጥ አሳድረህ እርጥብ እንዳለ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት አድርግበት። ከረፋዱ 4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በጀልባዋ ጥላ በኩል ያውርደው፤ ከዓይኑ የጠፋበትን ያንብብ፣ ቀስ ብሎ ስቦ መልሶ የታየበትን ያንብብ፣ የሁለቱን አማካይ ይጻፍ። ዘወትር ያው አንድ ሰው ቢያነብበው ይሻላል፣ ዓይን ከዓይን ይለያያልና።

ላሜራው 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢኖረው ይበቃል። ቤተሰቡንና ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በልልኝ።

ልጅህ