ሚዛኑን ከአልጋው አጠገብ አንሱት

ይድረስ ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የሕፃናትን ክብደት ቤት ውስጥ ስለመከታተል ያወጣችሁትን ጽሑፍ በጉጉት ጀምሬ፣ «በየቀኑ መዝኑ» የሚለው ምክር ላይ ስደርስ ደነገጥኩ። ያንኑ በማድረጌ የመጀመሪያ ልጄን ጡት ላስጥለው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ልጄ ሲወለድ 3 ኪሎ ከ200 ግራም ነበር። በአራተኛው ቀን 2 ኪሎ ከ970 ሆኖ ሳየው አለቀስኩ። አዲስ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከክብደቱ እስከ 7 በመቶ፣ አንዳንዴም እስከ 10 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል፣ ያጣውንም ብዙውን ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንደሚመልስ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ሚዛኑ ከአልጋዬ አጠገብ አልተነሳም። ጠዋት እመዝናለሁ፣ ማታ እመዝናለሁ፣ ከማጥባቴ በፊትና በኋላም እመዝናለሁ። አንድ ቀን 60 ግራም ጨምሮ ያስፈነድቀኛል፤ በማግስቱ 40 ቀንሶ እንቅልፍ ይነሳኛል። ወተቴ አልበቃውም ብዬ ጡጦ ጀመርኩለት። ጡጦ የለመደው ልጅ ጡቴን ይገፋ ጀመር፤ ጡት ካልተጠባ ደግሞ ወተቱ እየቀነሰ ይሄዳል።

ዓይኔን የገለጠችልኝ አንዲት አዋላጅ ነርስ ናት። ሕፃን ጠብቶ ወዲያው ሲመዘን 60 ወይም 80 ግራም ጨምሮ ሊገኝ ይችላል፤ ሲሸናና ሲጸዳዳ ይቀንሳል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ግን እድገቱ በአማካይ በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ብቻ ነው። ለካ ሚዛኔ ሲለካ የከረመው የልጄን ሆድና ፊኛ ኖሯል! ልጅ ታቅፎ በአዋቂ ሚዛን ላይ ቆሞ የራስን ክብደት መቀነስማ ይብሳል፤ ብዙዎቹ የሚያሳዩት በ100 ግራም ልዩነት ነው፤ ይህ ደግሞ ከሦስት እስከ አምስት ቀን የሚደርስ እድገት ነው።

ቤት ውስጥ መመዘን ይቅር አልልም። ያለ ቀኑ ለተወለደ ወይም ክብደቱን ለመመለስ ለዘገየ ሕፃን ባለሙያ ሊያዝዘው ይችላል። ያን ጊዜ በአንድ ሚዛን፣ ጠንካራና ደልዳላ ወለል ላይ፣ ያለ ልብስና ያለ ዳይፐር፣ ከመጥባቱ በፊት፣ በተመሳሳይ ሰዓት ይመዘን፤ ይጻፍም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ለተሻገረ ጤናማ ሕፃን ግን እስከ ስድስት ወር በወር አንድ ጊዜ ይበቃል። ቁጥሩ ትርጉም የሚያገኘው በእድገት መከታተያ ሠንጠረዥ ላይ ሲሰፍር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ሠንጠረዥ በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጡት እየጠቡ ባደጉ ጤናማ ልጆች ላይ የተመሠረተ ነው። ልጄ ከመካከለኛው መስመር በታች ነበር፤ እኔም ፈተና የወደቀ ያህል አዘንኩ። ግን የራሱን መስመር ይዞ እስከወጣ ድረስ እያደገ ነበር። የሚያሳስበው ከያዘው መስመር እየወረደ የሚሄድ ልጅ ነው።

በመሃሉ ልጁን እንመልከተው። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን ስድስትና ከዚያ በላይ ዳይፐር ያረጥባል? ሲጠባ የመዋጥ ድምፅ ይሰማል? ሽንቱ ከቀነሰ፣ ለመጥባት እስኪያቅተው ከደከመ፣ ወይም በሁለት ሳምንቱ የልደት ክብደቱን ካልመለሰ እናቲቱ ሌላ ምዘና ሳትጠብቅ ወደ ጤና ባለሙያ ትውሰደው።

በመጪው እትማችሁ ምክሩን አርማችሁ እነዚህን ምልክቶች በጉልህ እንድታወጡልን እለምናለሁ። ጽሑፋችሁን አንብባ ዛሬ ሌሊት ሚዛን ላይ የምታጎነብስ አራስ ትኖራለች።

አክባሪያችሁ፣
የሁለት ልጆች እናት