የጤና ክበባችን ዓመት፦ ሎሚ፣ ጤና አዳምና ፀሐይ

ክበባችን ዘንድሮም የጀመረው እንደ ወትሮው ነው። ጥቅምት ላይ እጅ መታጠብ፣ ኅዳር ላይ የመጸዳጃ ቤት ጽዳት። ልጆቹ አልሰነፉም። እኔ ግን መጻፍ የምፈልገው ከገና በኋላ ስለሆነው ነው።

ከበዓሉ ስንመለስ አንዲት የክበባችን ልጅ እጆቿን በሻሽ ጠቅልላ መጣች። ስንፈታው ከአንጓዋ እስከ ክርኗ ውሃ ቋጥሯል። ቅርጹ ደግሞ ፈሳሽ የወረደበት ይመስል መስመር መስመር ነው። የፈላ ዘይት መሰለኝ። ቤት ውስጥ ሰው ጎድቷት ይሆን ብዬም ሰጋሁ። እሷ ግን "ቲቸር፣ ዶሮ ብቻ ነው ያጠብኩት" አለች።

ዶሮ የሚታጠበው በሎሚ ነው። እሷ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ተቀምጣ ስትጨምቅና ስታሽ አረፈደች። እህቷም ሎሚ ስትጨምቅ ነው ያረፈደችው፤ ግን ጓዳ ውስጥ ነበረች። የእህቷ እጅ ደህና ነው። ክበቡን ሥራ ያስያዘው ይህ ልዩነት ነው።

ጤና ጣቢያ ሄደን ስንጠይቅ ባለሙያው በትዕግሥት አስረዱን። ሎሚ፣ በተለይ ልጣጩ፣ ፉራኖኩማሪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። ቆዳ ላይ እንዳሉ ፀሐይ ሲያገኛቸው ዩቪኤ የተባለው ጨረር ይቀሰቅሳቸዋል፤ ቆዳውን ያቃጥላሉ። ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። አንድ ሁለት ቀን ቆይቶ ነው የሚቀላው፣ ውሃ የሚቋጥረው። ለዚህም ነው ሎሚውን ማንም የማይጠረጥረው። ከዳነም በኋላ ጥቁሩ ምልክት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። አለርጂ ስላልሆነ ማንንም ሊያገኝ ይችላል። ለቡና የምንቀነጥባት ጤና አዳምም እንደዚሁ ናት። ችግሩ ቅጠሏን አሽተን በዚያው እጅ ፀሐይ ላይ ስንውል ነው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ወዲያው በሳሙና መታጠብ። ውሃ የቋጠረውን ግን አታፍርጡት።

ከዚያ ልጆቹን ወደ አያቶቻቸው ላክናቸው። "ምን ተቀብታችሁ ፀሐይ ላይ አትውጡ ትባሉ ነበር?" ብለው እንዲጠይቁ። ከየቤቱ የመጣው መልስ አንድ ነው ማለት ይቻላል፦ ምች! በሳሙና ታጥበህ፣ ቅቤ ተቀብተህ፣ ሽቶ ሸተህ ከወጣህ ምች ይመታሃል። አንዳንዶቹ ልጆች ሳቁ። አስቆምኳቸው። ምች የምንለው ብዙ ጊዜ ትኩሳትና ከንፈር ላይ የሚወጣ ቁስል ነው። ቁስሉን የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ ነገር ግን ሰውነት ውስጥ ተኝቶ የቆየውን ቫይረስ ኃይለኛ ፀሐይ ሊቀሰቅሰው ይችላል። አንዳንድ ሽቶም ከፀሐይ ጋር ሲገናኝ ቆዳን ያስቆጣል። አያቶቻችን ሁሉንም በአንድ ስም ጠሩት እንጂ ያዩትስ እውነት ነው።

ሚያዝያ ላይ ጥላ ለካን። እኔ በጣም የወደድኩት ሥራ ይሄ ነው። ደብረ ማርቆስ አካባቢ ሚያዝያ 8 ወይም 9 ገደማ ፀሐይ በአናታችን ታልፋለች። ስድስት ሰዓት ተኩል አካባቢ የባንዲራው ምሰሶ ጥላ ጠፋ፤ ልጆቹ ጮኹ። ጥላህ ከቁመትህ ካጠረ ጨረሩ ኃይለኛ ነው። የእኛ ጥላ ከጠዋቱ ሦስት ተኩል እስከ ዘጠኝ ተኩል አጭር ነበር። ከፍታውም አለ። በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ እኛ ያለነው ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ነው። ደጋ ነው፣ ይበርዳል፣ ፀሐዩ ምን ያደርጋል የሚል ሰው ይህን ይወቅ።

ከባዱ የፊት ቅባት ጉዳይ ነበር። ልጆቹ ባዶ ዕቃዎች ሰብስበው መጡ። አንዱ ላይ ሀይድሮኪኖን የሚል የቆዳ ማቅያ፣ ሌላው ላይ ክሎቤታሶል ተጽፏል። ምንም ያልተጻፈባቸውም ነበሩ፤ እኔን ያስፈሩኝ እነሱ ናቸው። ክሎቤታሶል ስቴሮይድ የሚባል ጠንካራ የቆዳ መድኃኒት ነው። ፊት ላይ ሲዘወተር ቆዳን ያሳሳል። ሜርኩሪ ያለበት ማቅያ ደግሞ ኩላሊት ይጎዳል። ማዲያት ለማጥፋት ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የሚውል ሰው ማዲያቱ ሊብስበት ይችላል። ስልክ ላይ አይታችሁ ለብጉር ሎሚ የምትቀቡም ልጆች፣ እባካችሁ ተዉት።

ቅባትና ፀሐይ ሲገናኙ የሚመጣ፣ አለርጂ የሆነ ዓይነትም አለ። እሱ የሚይዘው አንዳንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያሳክካል፣ ፀሐይ ወዳላገኘው ቦታም ሊዛመት ይችላል። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ራሱ አልፎ አልፎ ያመጣዋል። ይህ ማለት ቅባቱ ይቅር ማለት አይደለም። አልቢኒዝም (የቆዳ ቀለም እጥረት) ላለባቸው ልጆቻችን እሱና ሰፊ ባርኔጣ የግድ ናቸው።

ለፋሲካ ያቺ ልጅ ቤት ዶሮው ጓዳ ውስጥ ታጠበ። አያቷም "ሎሚ የነካ እጅ ፀሐይ አይየው" እያሉ ለጎረቤት መንገር ጀምረዋል አለችን። እጇ ላይ የቀረው ጥቁር መስመር ሰኔ ሲገባ በደንብ ፈዟል።