የህፃናት ማቆያ ለቢሮ ሠራተኛ ብቻ ለምን ይሆናል?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ሰላም ለናንተ ይሁን። ሰሞኑን ስለ መንግስት መስሪያ ቤቶች የህፃናት ማቆያ ያወጣችሁትን አንብቤዋለሁ፣ ጥሩ ነው ግን ዋናው ነገር ቀርቶታል ብዬ ነው የምፅፍላችሁ። እኔ ደብረ ማርቆስ ውስጥ አንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ።

በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌደራል መንግስት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 መስሪያ ቤቶች ለሴት ሠራተኞች የህፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ አዝዞ ነበር። ደስ የሚል ህግ ነበር፣ ከፍተው የሚያሰሩም መስሪያ ቤቶች አሉ። ግን እስኪ በጠዋት ማርቆስ ከተማ ውስጥ ዞር ዞር በሉና ስራ የምትወጣዋን ሴት እዩ። ጉሊት የምትቸረችረው፣ እንጀራ ጋግራ የምትሸጠው፣ ጀበና ቡና የምታፈላው፣ በየሰው ቤት ልብስ የምታጥበው፣ ግንባታ ላይ አሸዋና ውሃ የምታመላልሰው፣ ለነዚህ የትኛው መስሪያ ቤት ነው ማቆያ የሚከፍትላቸው?

ከትምህርት ቤታችን አለፍ ብሎ ህንፃ እየተሰራ ነው። አንዲት ከስናን በኩል የመጣች ልጅ እግር እናት እዚያ የቀን ስራ ትሰራለች፣ ህፃኗን ፌሮ ከተከመረበት ጎን የሲሚንቶ ወረቀት አንጥፋ በነጠላ ሸፍና ታስተኛዋለች፣ እሷ ባሬላ ትሸከማለች። ሲያለቅስ መጀመሪያ የምታየው ልጁን ሳይሆን ፎርማኑን ነው፣ ፊቱ ደህና ከሆነ ሮጣ ታጠባዋለች ካልሆነ ባሬላውን አድርሳ እስክትመለስ ያለቅሳል። አንድ ቀን ቆም ብዬ እታለም የሚይዝልሽ ዘመድ የለሽም ወይ ስላት "ዘመድ ቢኖረኝማ አቧራ ላይ አስተኛው ነበር?" አለችኝ። ምን ይባላል?

አያት እያለች ማቆያ ምን ያደርጋል የሚሉ ሰዎች አሉ። እውነት ነው እኛም ያደግነው በአያት ጀርባ ነው። ግን ከማቻከል ከጎዛምን ከስናን ለስራ ብሎ ከተማ የገባው አያትን ይዞ አልመጣም እኮ፣ አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ ነው የሚኖረው፣ ከተማ ያለችውም አያት ብትሆን ዛሬ ኑሮው አላስቀምጥ ብሏት ራሷ ጉሊት ወጥታለች።

እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ደግሞ የሴት ተማሪዎቼ ነገር ነው። እናትየው ስራ ስታገኝ የምትቀረው የ3ኛና የ4ኛ ክፍል ልጅ ናት። የት ነበርሽ ስትባል "ቲቸር እማዬ ስራ ሄዳ ህፃን ይዤ ነው" ነው መልሷ፣ እዚያው ትምህርት ቤት የሚማረው ወንድሟ ግን አይቀርም። አንዷ እንዳትቀር ብላ ህፃኑን አዝላ ክፍል ገብታ ታውቃለች፣ አላስወጣኋትም፣ ግን ማልቀስ ሲጀምር ልጆቹ ሲዞሩባት አፍራ ደብተሯን ሳትይዝ ወጣች። ስለ ሴት ልጅ ትምህርት በየስብሰባው ይወራል፣ ይቺን ልጅ ከክፍል ያስወጣት የማቆያ ማጣት መሆኑን ግን ማንም አንስቶት አያውቅም።

የቢሮ ሠራተኛዋም ብትሆን ከወሊድ በኋላ ያላት ፈቃድ 90 ቀን ነው፣ ጤና ጣቢያ ደግሞ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ አጥቢ ይሏታል፣ እንዴት አድርጋ? ከዚያ መንግስት ትምህርት ቤት ኦ ክፍል እስኪደርስ ያሉት ዓመታት በሙሉ የእናትየው ጣጣ ናቸው።

ስለዚህ ማቆያው በመስሪያ ቤት ሳይሆን በቀበሌ ይሁን ነው የምለው፣ ደሞዙን መንግስት ይክፈል። አይቻልም እንዳትሉኝ፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ የጤና ኤክስቴንሽን ሲጀመር በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች አሰልጥኖ ደሞዝ ቆርጦ ያስቀመጠው ይሄው መንግስት ነው፣ የቤት ለቤት ክትባቱንም የእርጉዝ ክትትሉንም እነሱ ናቸው መሬት ያስነኩት። 10ኛ 12ኛ ጨርሰው ስራ ያጡ ስንት ሴቶች እያሉ ለህፃናት ጥበቃ ማሰልጠን ምኑ ይከብዳል? የአካባቢያችን ሰላም ማጣት በጀቱን እንደበላው አውቃለሁ፣ ግን ባል የሞተባት የተፈናቀለችም ስለበዛች ነው ማቆያው አሁን የሚያስፈልገው።

ሲከፈት ግን ቤት ከፍቶ ህፃን መቆለፍ እንዳይሆን። ውሃና ሽንት ቤት ይኑረው፣ ገንፎና አጥሚት የሚሰራበት ማድቤት ይኑረው፣ አንዲት ሞግዚት ላይ ሃያ ልጅ አይከመርባት። ሰዓቱም የቢሮ ሰዓት ከሆነ ለጉሊቷ ሴት ምንም አይጠቅማትም፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተከፍቶ ቅዳሜንም ጨምሮ መስራት አለበት። ቦታው ደግሞ ገበያው ዳር ይሁን፣ እናትየው እቃዋን ለጎረቤት አደራ ብላ መጥታ አጥብታ የምትመለስበት።

የከተማችን ሴቶችና ህፃናት ጉዳይ ይህን ካነበበ ለዘንድሮ በጀት አንድ ማቆያ ገበያው አካባቢ ለሙከራ እንዲያስይዝ እጠይቃለሁ፣ መልሳቸውን ጠይቃችሁ በጋዜጣችሁ ብታወጡልን።

አክባሪያችሁ
መምህርት፣ ከደብረ ማርቆስ