ስለ ጣሪያችን፣ ከክረምቱ በፊት

የተከበራችሁ የግቢያችን ነዋሪዎች፣

ቅዳሜ ጠዋት አናጢው ከበረንዳው በላይ ያለውን ቆርቆሮ ገልጦ ሲያይ እኔም መሰላሉ ላይ ነበርኩ። ክዳኑን የተሸከሙት የጥድ ወራጆች ደኅና ናቸው፤ ቢላዋ ቢሰካባቸው አይገባም። የበሰበሰው ማገሩ፣ ማለትም ቆርቆሮው የሚመታበት አግዳሚ እንጨት ነው፣ ያውም በአሸንዳው በኩል ብቻ። ለዚህ እርጅናን አልወቅስም። ባለፈው የጠገነልን ሰው ሚስማሩን በቆርቆሮው ሸንተረር ውስጥ መትቶታል። ሚስማር የሚመታው እብጠቱ ላይ ነው፤ ውኃው የሚወርደው በሸንተረሩ ነዋ!

አንዳንዶቻችሁ ወጪ ለመቀነስ ወጣ ያለው የጣሪያ ጠርዝ ይቆረጥ ብላችኋል። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ግድግዳችን ጭቃ ነው። በአዲስ አበባ የምኒልክ ዘመን ቤቶች ክዳናቸው እንዲህ ሰፋ ብሎ የወጣው የሐምሌ ዝናብ ግድግዳውን እንዳይበላው ነው። ዳንቴል የሚመስለው የጠርዝ እንጨትም ተነቅሎ ይጸዳል እንጂ አይጣልም። የጎደሉትን ሦስት ቁራጮች አናጢው ከነባሩ ላይ ልክ ወስዶ ይቀርጻቸዋል።

ቤቱ ቅርስ ስለሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ጥገናው ቅድሚያ ፈቃድ ይፈልጋል። ማመልከቻው ከፎቶግራፎቹ ጋር ሰኞ ይገባል። ፈቃዱ እንደ ደረሰ በግንቦት ካልጀመርን ሰኔ ይቀድመናል።

እስከዚያው ኮርኒስ ላይ ያስቀመጣችሁትን ዕቃ አውርዱ። የማን እንደሆነ ያልታወቀ የብረት አልጋም እዚያው አለ፤ ባለቤቱ ይውሰድልን።