ከሞላው ታንክ ይልቅ ባዶው ያሰጋል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የአውሮፕላን አደጋ በደረሰ ቁጥር «ታንኩ በነዳጅ ተሞልቶ ስለነበር ፈነዳ» የሚል አገላለጽ በጋዜጣችሁም ሆነ በሌሎች መገናኛ ብዙኃን ደጋግሜ አነባለሁ። በአውሮፕላን ጥገና ሥራ ረጅም ዘመን ያሳለፍኩ እንደመሆኔ፣ አባባሉ ከአውሮፕላን ርቀው የሚሠሩ ሰዎችን ሕይወት ጭምር ስለሚነካ መታረም አለበት ብዬ አምናለሁ። ተማሪ ሳለሁ አስተማሪያችን ሐንጋር (የአውሮፕላን መጠገኛ አዳራሽ) ውስጥ አቁሞ ከታንኮቹ የትኛውን እንደምንፈራ ሲጠይቀን ሁላችንም የሞላውን ጠቆምን፤ እሱ ግን ወደ ባዶው አመለከተ።

የጄት ነዳጅ ቤንዚን ሳይሆን በየቤታችን የምናውቀው የነጭ ጋዝ የቅርብ ዘመድ ነው። ጄት ኤ-1 የሚባለው ዓይነት በምድር ላይ ሙቀቱ ቢያንስ 38 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ካልደረሰ በቀር ለመቀጣጠል የሚበቃ ተን አይወጣውም፤ ከፍታ ሲጨምር ግን ይህ መጠን ዝቅ ይላል። የሚፈነዳውም ፈሳሹ ሳይሆን ከአየር ጋር የተደባለቀው ተን ነው። የሞላ ታንክ ለአየር የሚተርፍ ቦታ እምብዛም የለውም፤ ጥቂት ነዳጅ ከሥሩ የቀረበት ታንክ ግን ከላይ ሰፊ ባዶ ቦታ አለው። በግጭት ጊዜ የሚፈስ ብዙ ነዳጅ ቃጠሎውን እንደሚያከብድ አልክድም፤ መቃጠልና መፈንዳት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ለዚህ ከሁሉ የሚልቀው ማስረጃ ሐምሌ 10 ቀን 1988 ዓ.ም. ከኒው ዮርክ ወደ ፓሪስ የተነሳው ቲ.ደብልዩ.ኤ. የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 800 ነው። ቦይንግ 747 አውሮፕላኑ በተነሳ በ12 ደቂቃ ውስጥ በሎንግ አይላንድ አቅራቢያ አየር ላይ ፈንድቶ የተሳፈሩት 230 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። መርማሪዎች ከአራት ዓመት ጥናት በኋላ እንደደመደሙት የፈነዳው መካከለኛው ታንክ ነበር፤ ወደ 49 ሺህ ሊትር የሚይዘው ይህ ታንክ በዚያ ምሽት የያዘው 190 ሊትር ገደማ ብቻ ነበር። አውሮፕላኑ መሬት ላይ በቆመበት ጊዜ ከታንኩ ሥር ያሉት የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያዎች እየሠሩ ያን ጥቂት ነዳጅ አሞቁት። ብልጭታው ከየት እንደመጣ በእርግጠኝነት ባይታወቅም፣ ከነዳጅ መለኪያው ሽቦ ጋር የተያያዘ የኤሌክትሪክ ሾርት ሳይሆን እንዳልቀረ ተገምቷል።

ከዚያ በኋላ የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን በ2000 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ መሠረት በብዙ የመንገደኞች አውሮፕላኖች ላይ አየርን በቀጫጭን ክሮች አጣርቶ ናይትሮጅን ወደ ታንኩ የሚልክ መሣሪያ ተገጠመ። በተለመደው አየር ውስጥ 21 በመቶ የሆነው ኦክስጅን በታንኩ ውስጥ ወደ 12 በመቶና ከዚያ በታች ሲወርድ፣ ብልጭታ ቢኖር እንኳ ተኑ አይፈነዳም። ይህ ሁሉ የተደረገው ለባዶው ቦታ መሆኑን አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ።

መቃጠል ከመፈንዳት የተለየ ስለሆነ መከላከያውም ይለያል፤ ሞተር ላይ እሳት ሲነሳ አብራሪው የእሳት እጀታውን ሲስብ በቅድሚያ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ነዳጅ ይዘጋል፤ ከጠርሙሱ የሚረጨው ሃሎን የተባለው እሳት ማጥፊያ ጋዝ የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ነዳጁ እየፈሰሰ ማጥፊያ ቢረጭ እሳቱ ለጊዜው ቢከስምም ተመልሶ ይነሳል።

ብዕር እንዳነሳ ያስገደደኝ ግን በየብየዳ ቤቱ የማየው ነገር ነው። ቤንዚን ወይም ናፍጣ የነበረበት በርሜል «ባዶ ነው» ተብሎ ወዲያው በእሳት ይቆረጣል። እኛ የአውሮፕላን ታንክ ውስጥ ገብተን ከመሥራታችን በፊት ነዳጁ ተቀድቶ ካለቀ በኋላ እንኳ ንጹሕ አየር ለረጅም ጊዜ እናስገባ ነበር፤ በጋዝ መለኪያ ተለክቶ ፈቃድ ሳይሰጥም ማንም አንገቱን አያስገባም ነበር። የበርሜሉ ክዳን ተከፍቶ ማደሩ ወይም በውሃ መለቅለቁ ብቻ አያድንም፤ በስፌቱና በዝገቱ ውስጥ የቀረው ነዳጅ የብየዳው ሙቀት ሲደርስበት እንደገና ተን ይሆናል። በርሜሉን የሚይዙት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ይህን የነገራቸው ሰው የሌለ ለጋ ወጣቶች ናቸው።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍሉ ስለ ነዳጅ ፍንዳታ ሲዘግብ ታንኩ ወይም በርሜሉ ምን ያህል ነዳጅ እንደነበረበት ጠይቆ እንዲጽፍ፣ ስለ ባዶ በርሜል ብየዳም የእሳት አደጋ ባለሙያዎችን አነጋግሮ አንድ ዓምድ እንዲያወጣ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ጡረታ የወጣ የአውሮፕላን ጥገና ባለሙያ፣ ከአዲስ አበባ