ድሬ ለፋብሪካ እንግዳ አይደለችም

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ ድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው። አንድ ነገር ግን ቆረቆረኝ። ከተማዋን ልክ ትናንት ከማሽን ጋር እንደተዋወቀች አድርጋችሁ ነው የጻፋችሁት። የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ ሆኜ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ድሬን የወለዳት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ መጀመሪያ የታሰበው ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራውን መውጣት ግን ገንዘብ ጨራሽ ሆነ። መስመሩ በቆላው እንዲያልፍ ተደረገና በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬ ደረሰ። እስቲ ልብ በሉ፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። በመሃል ኩባንያው ከሰረ፣ ፈረንሳይና እንግሊዝም ተጨቃጨቁ። ሐዲዱ ለዓመታት ከድሬ ማለፍ አቃተው። የባቡሩ ዋና ወርክሾፕም እዚያው ተተከለ።

ያ ወርክሾፕ ተራ ጋራዥ እንዳይመስላችሁ። አባቴ ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ነበር የሚሠራው። መለዋወጫ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ ማን ይጠብቃል? የተሰበረውን ይለካሉ፣ ብረቱን ይቀርጻሉ፣ ይገጥማሉ፤ ባቡሩም መንገዱን ይቀጥላል። ትምህርቱን ብዙም አልገፋበትም። የመሣሪያውን ስም ሁሉ ግን በፈረንሳይኛ ነበር የሚጠራው፤ ቤት ውስጥ የወለቀ በር ሲያስተካክል ሳይቀር። እናቴ «እኔ ፈረንጅ አላገባሁ!» እያለች ትስቅበት ነበር።

ሲሚንቶና ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቹ በጣሊያን ዘመን የመጡ ናቸው፤ ስለነሱ ብዙ ተብሏል። እኔ የምለው፣ እነሱ ሲመጡ ብረት መቅረጽና ሞተር መፍታት የሚችል ሰው ከተማው ውስጥ ነበረ ነው።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ሲመረቅ ደስ ብሎኛል። ጣቢያው ግን ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት አንድ ሜትር፣ የአዲሱ 1.435 ሜትር ስለሆነ፣ አባቴ ይጠግናቸው የነበሩት ባቡሮች አዲሱ መስመር ላይ መሄድ አይችሉም። ይህን እረዳለሁ። ቶርኖ ግን የሐዲድ ስፋት አይመርጥም። ለነፃ ቀጠናው ወጣት ባለሙያ ሲታሰብ፣ እነዚያን አሮጌ ማሽኖች ለማስተማሪያ ማዋል ለምን ለማንም ትዝ አይለውም? ቁርጥራጭ ብረት ተብለው በኪሎ ከመሸጣቸው በፊት ማለቴ ነው።

ለእናንተ ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። የድምፅ መቅረጫ የያዘ ጋዜጠኛ ወደ ድሬው ከዚራ ሰፈር ላኩ። አባቴ አልፏል፤ ጥቂት የሥራ ባልደረቦቹ ግን አሁንም አሉ። ብቻ ከምሳ በኋላ ቶሎ በር እንዳያንኳኳ፤ በዚያ ሙቀት ድሬ ተኝታለች። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ይሂድ፣ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ያገኛቸዋል።

አክባሪያችሁ፣
የድሬ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ