የኮል ዳክ ጫጩቶችን ከዶሮ መኖና ከዶሮ አያያዝ መመሪያ ጋር ስለ መሸጣችሁ የቀረበ ቅሬታ

ለመደብሩ አስተዳደር
ሜሪላንድ

ጉዳዩ፦ የተሳሳተው መኖና መመሪያ ያደረሰው ጉዳት እንዲካስና መመሪያው ከሽያጭ እንዲነሣ ስለ መጠየቅ

በዚህ ዓመት በሚያዝያ ወር ከመደብራችሁ ኮል ዳክ የተባለው ትንሽ የዳክዬ ዝርያ ስድስት ጫጩቶችን፣ ሻጩ ለእነሱ የሚሆነው ይህ ነው ብሎ ያቀረበልኝን አንድ ከረጢት መኖ እና በአማርኛ የተዘጋጀ ባለ ሁለት ገጽ የአያያዝ መመሪያ ተረክቤያለሁ። በአካባቢያችን ዳክዬ የሚሸጡ ሌሎች መደብሮች እያሉ የእናንተን የመረጥኩት በዚሁ መመሪያ ምክንያት ነበር። ቀን ቀን ጫጩቶቹን የሚንከባከቡት እናቴ ናቸው፤ እሳቸውም የሚያነቡት አማርኛ ብቻ ነው።

እናቴ በመመሪያው የሰፈረውን አንድም ሳያጎድሉ ፈጸሙ። ሆኖም በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ከስድስቱ ሁለቱ መቆም እያቃታቸው መጡ፤ የእግራቸው መገጣጠሚያ አበጠ፣ ቅልጥማቸው ወደ ውጭ ጎበጠ፣ ወደ መኖውና ወደ ውሃው የሚደርሱትም በደረታቸው እየተሳቡ ሆነ። የወሰድንበት የእንስሳት ሐኪም ከመረመራቸውና የሚበሉትን ከጠየቀ በኋላ ችግሩ የናያሲን፣ ማለትም የቫይታሚን ቢ3 እጥረት መሆኑን ነግሮን በውሃ የሚሰጥ ቫይታሚን አዘዘ፤ በመኖው ላይም የቢራ እርሾ እንድንነሰንስ መከረን። አንደኛው ጫጩት በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥቶ መሄድ ጀመረ። የሁለተኛዋ ግን ጅማቷ ከቦታው ስለ ተንሸራተተ እግሯ እስከ ዛሬ ድረስ ጠማማ ነው፤ ሐኪሙም ከእንግዲህ ይስተካከላል የሚል ተስፋ አልሰጠንም።

የሸጣችሁልን መኖ ለዶሮ ጫጩት የተዘጋጀ ስታርተር፣ ማለትም የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መኖ ነው። ለዶሮ ምንም ጉድለት ላይኖርበት ይችላል፤ የዳክዬ ፍላጎት ግን ሌላ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው የዶሮና የመሰል አእዋፍ የምግብ ፍላጎት ሰነድ ለእንቁላል ዶሮ ጫጩት በአንድ ኪሎ መኖ 27 ሚሊግራም፣ ለሥጋ ዶሮ ጫጩት 35 ሚሊግራም ናያሲን ሲመድብ፣ ፔኪን ለተባለው የዳክዬ ዝርያ የመደበው 55 ሚሊግራም ነው። ዶሮ በመኖው ፕሮቲን ውስጥ ከሚገኘው ትሪፕቶፋን ከተባለ ንጥረ ነገር የተወሰነ ናያሲን በሰውነቷ ትሠራለች፤ ዳክዬ በዚህ በኩል ደካማ በመሆኗ የሚያስፈልጋትን ከምግቧ ማግኘት አለባት። ይህ በዳክዬ አርቢዎች ዘንድ የታወቀ ጉዳይ ነው። ጫጩቶቹን የሚሸጥ ድርጅት ደግሞ የዳክዬ ስታርተር ከሌለው፣ ቢያንስ ተጨማሪ ናያሲን እንደሚያስፈልግ ለገዢው መናገር ይጠበቅበታል።

መመሪያችሁ ስለ ናያሲን አንድም ቃል አይናገርም። ርዕሱ ላይ ዳክዬ ተብሎ ከመጻፉ በቀር ይዘቱ ሁሉ የዶሮ ጫጩት ማሳደጊያ ነው። ጉዝጓዙ እንዳይረጥብ በጠብታ የሚሰጥ መጠጫ ብቻ እንድንጠቀም ያዛል። ዳክዬ ግን ምንቃሯን እስከ አፍንጫ ቀዳዳዋ ድረስ ውሃ ውስጥ ነክራ አፍንጫዋንና ዓይኗን ካላጠበች ቆሻሻ ይደርቅባታል፤ ደረቅ መኖ ስትበላም ውሃ አጠገቧ ከሌለ ሊያንቃት ይችላል። የኮል ዳክ ጫጩት እጅግ ትንሽ ስለሆነችና እናቷ ስለሌለች ላባዋ ገና ውሃ አይችልም፤ ስለዚህ ሰፊ ዕቃ ውስጥ ውሃ ሞልቶ መስጠትም አደጋ አለው። ጠጠር የተደረገበት፣ ጭንቅላቷን እንጂ ሰውነቷን የማያስገባ መጠጫ ያስፈልጋታል። እናቴ ይህን ሁሉ ያወቁት የጫጩቶቹ ዓይን መጣበቅ ከጀመረ በኋላ ከሐኪሙ ነው። የዳቦ ፍርፋሪ እንደ ዘወትር ምግብ መመከሩም ሆነ ዝቅተኛ አጥር ይበቃል መባሉ ትክክል አይደለም፤ ኮል ዳክ እንደ ከባዶቹ ዳክዬዎች ሳይሆን በደንብ የሚበር ወፍ በመሆኑ ከላይም መረብ ያስፈልገዋል።

ሻጫችሁ እነዚህ ወፎች ትንንሽ በመሆናቸው ድምፃቸው ጎረቤት እንደማይረብሽም አረጋግጦልን ነበር። ይህ ዝርያ በኔዘርላንድስና በእንግሊዝ አገር ይረባ የነበረው የዱር ዳክዬዎችን ወደ አዳኙ እንዲጠራ ስለሆነ፣ የሴቷ ጩኸት ከሰውነቷ ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም። ጎረቤቶቻችን ቅሬታ አቅርበዋል። ወፎቹን ስለምንወዳቸው እነሱን የመመለስ ሐሳብ የለንም፤ ነገር ግን እውነቱን ቀድመን ብናውቅ ኖሮ ድምፃቸው ለስላሳ የሆነውን ወንዶቹን ብቻ ለመግዛት ወይም ማደሪያቸውን ከአጥሩ አርቀን ለመሥራት እንችል ነበር።

ችግሩን በስልክ ባስረዳሁበት ጊዜ የተሰጠኝ መልስ ዶሮም ዳክዬም አንድ ነው የሚል ነበር። ይህ መልስ ከመኖው በላይ አሳዝኖኛል። ዶሮን ሁላችንም ከቤታችን ጀምሮ እናውቃለን፤ ዳክዬን ያሳደገ ግን በእኛ መካከል ጥቂት ነው። ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈ መመሪያ የሚይዝ ሰው የሚያመዛዝንበት ሌላ እውቀት የለውም፤ የተጻፈውን አምኖ ይፈጽማል። እንደ እናቴ ያሉ ወላጆች ያንኑ ወረቀት ይዘው በየቤታቸው ጫጩት እያሳደጉ መሆናቸውን ሳስብ ዝም ማለት አልቻልኩም። በአማርኛ ማገልገላችሁ የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ይህን አገልግሎት የሚጠቀመው ሰው ግን በእንግሊዝኛ ከሚያነበው ደንበኛ ያነሰ መረጃ ሊደርሰው አይገባም።

ስለዚህ የመኖውን ዋጋና ከዚህ ደብዳቤ ጋር ደረሰኙን ያያያዝኩትን የሕክምና ወጪ እንድትመልሱልኝ፣ መመሪያውን ወዲያውኑ ከመደርደሪያ አንሥታችሁ የዳክዬ አያያዝ በሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም እንድታሳርሙ፣ እንዲሁም በዚህ ዓመት ዳክዬ ለገዙ ደንበኞቻችሁ ሁሉ ስለ ናያሲንና ስለ ውሃ አሰጣጡ በስልክ ወይም በጽሑፍ እንድታሳውቁ እጠይቃለሁ። ከሦስቱ ሊዘገይ የማይገባው የመጨረሻው ነው፤ በጊዜ የተደረሰለት ጫጩት እንደሚድን በቤታችን አይተናልና። ይህ ደብዳቤ ከደረሳችሁ በኋላ በአሥር የሥራ ቀናት ውስጥ የጽሑፍ መልስ ካላገኘሁ፣ ጉዳዩን ለሜሪላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የሸማቾች ጥበቃ ክፍል የማቀርብ መሆኔን በአክብሮት አስታውቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ

አባሪ፦ የግዢ ደረሰኝ፣ የሕክምና ደረሰኝ፣ የመመሪያው ቅጂ፣ የመኖው ከረጢት መለያ ፎቶግራፍ